ከትንሹ በር አርባ አንድ እርምጃ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣

አንቺ ደብዳቤሽን «ለፈረቃ ኃላፊው» ብለሽ ጀመርሽ። ጥሩ። ዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ስሠራ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ በሥራ መደቤ የሰደበኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እኔ አጸፋውን አልመልስም። ለልጄ ብያለሁ፣ ለልጄ ነው።

ጻፍላት ያለኝ የለም። እናትሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ እሱ ትእዛዝ ከሆነ አላውቅም። አታናግረኝም። ሳህን ታስቀምጣለች፣ ሳህን ታነሳለች። ትናንት ጨው ያንሰዋል ብላት ከጎረቤት ላምጣ ብላ ወጥታ አንድ ሰዓት ቆየች። ጨው ቤት ውስጥ ነበር።

ደብዳቤሽን ሳየው መጀመሪያ ያናደደኝ የእጅ ጽሕፈትሽ ነው። ፊደሉ ሁሉ ወደ ግራ ተጋድሟል። የሕንፃ ንድፍ የምትሠራ ልጅ፣ መስመር ስታሰምር ትንፋሿን የምትይዝ ልጅ፣ ለአባቷ ሲሆን እንዲህ ትሞነጫጭራለች ብዬ ጮህኩ። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «በግራ እጇ ነው» አለች። ከሰባት ወር ወዲህ የነገረችኝ ረጅሙ ነገር እሱ ነው።

ሐሙስ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ቀርበህ ልጄ የተመታችው ግቢ ውስጥ ነው በል ብለሻል። አክስትሽ ቤት፣ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ ቀላል ይመስልሻል። የምንኖርበት ቤት የዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ረስተሻል? ጡረታዬ ሁለት ዓመት እንደቀረው ረስተሻል? አልረሳሽም። አውቀሽ ነው የጻፍሽው።

ሥራችንን ታውቂያለሽ። ከአጥር ውስጥ የተፈጸመ ወንጀል የእኛ ነው፤ ከአጥር ውጭ ያለው የከተማው ፖሊስ ነው። ዋናው በር ላይ ያለውን ሰሌዳም ታውቂዋለሽ፤ «ይህ ግቢ ያለ ወንጀል ይህን ያህል ቀን» የሚለውን። የብረት ቁጥሮቹን በየጠዋቱ የምቀይራቸው እኔ ነኝ። ትንሽ ሳለሽ ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ ዘጠኝን ገልብጠሽ ሰቅለሽ ስንት ሰው አስቀሽ ነበር። የተሰረቀ ነገር ካለ «ጠፋ» ብዬ እጽፋለሁ። የተደበደበ ሰው ካለ ከአጥር አወጣዋለሁ፣ በብዕር። ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር፤ ያስተማረኝም ሰው እንዲሁ ተምሮ ነው።

የዚያን ቀን ሰሌዳው 299 ይል ነበር። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ከሦስት መቶው ጋር ፎቶ ሊነሱ ተቀጥሯል፤ አበባ ሳይቀር ተገዝቷል። ምሳ ሰዓት ላይ በሬዲዮ ተጠራሁ። የትንሹ በር ጥበቃ ነው፣ እናንተ ተማሪዎቹ ፉጨት የምትሉት። «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሁለት ሰዎች አንዲት ተማሪ በብረት መትተው ቦርሳዋን ይዘው ሄዱ» አለኝ። ቀጥሎ የሆነውን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ለአንቺም እንደዚያው ልንገርሽ። ማን እንደሆነች አላወቅሁም። «ከአጥር ውጭ፤ የከተማ ፖሊስን የሚመለከት» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። አልጋው ላይ አንቺ ነበርሽ።

አላወቅሁም።

የከተማው ፖሊስ ደሙ ግቢ ውስጥ ነው ብሎ መለሳችሁ። የእኛ ቢሮ መዝገቡ ውጭ ነው ይላል ብሎ መለሳችሁ። እጅሽን በሻርፕ አንጠልጥለሽ፣ እናትሽ ክንድሽን ይዛ፣ ያንን አስፋልት አራት ጊዜ ተሻገራችሁ። ከመስኮት ሆኜ ቆጥሬአለሁ። ያኔ ለምን አልጮህሽብኝም? ሰው ፊት ለምን አላዋረድሽኝም? የሄድሽ ቀን ሻንጣሽን ተሸክሜ ሸኘሁሽ፤ «ደህና ሁን አባዬ» አልሽኝ። አባዬ አልሽኝ እኮ! ሰባት ወር ሙሉ እሱን ይዤ ተኝቻለሁ። አሁን ከየት አመጣሽው ይህን ሁሉ?

አረንጓዴውን ጃኬትሽን ትተሽው ሄደሽ እናትሽ በሩ ጀርባ ሰቅላዋለች። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ሆን ብላ ነው። ኪሱ ላይ ያ እኔ የጣፍኩት ቢጫ መጣፊያ አሁንም አለ። «አባዬ፣ በዚህ ግቢ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ስፌት ያላት እኔ ብቻ ነኝ፣ ብጠፋ በእሱ ታገኘኛለህ» ብለሽ የሳቅሽበት።

ትናንት የጥበቃ ክፍሉ አለቃ ቢሮዬ መጣ። ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «መዝገቡን ውኃ አበላሽቶታል፣ አይደል?»

«የምን ውኃ?»

«ከሐሙስ በፊት የሚፈስ ውኃ ነዋ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ልጅህ ናት፣ ይገባኛል። እኔም አባት ነኝ። ግን ሦስት መቶን ያስቆጠርከው አንተ ነህ፣ ፎቶው ላይም አለህ። ኮሚቴው ቢጠይቅህ አላስታውስም በል፤ ሽማግሌ ሲረሳ ማን ይቆጣዋል?»

ሽማግሌ አለኝ። ሲወጣ በሩን አልዘጋውም።

ከዚያ ፉጨት ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ያወራል ተብሎ ከትንሹ በር ተነስቶ መጋዘን ላይ ተመድቧል፤ ቀኑን ሙሉ የተሰበሩ ወንበሮች ይጠብቃል። አሁን አያፏጭም።

«ኮሚቴው ጠርቶሃል?» አልኩት።

«ጠርቶኛል።»

«ምን ልትል ነው?»

«በሬዲዮ ያልኩህን። አንድም አልጨምር፣ አንድም አልቀንስ።» ዓይኔን ትክ ብሎ አየው። «ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ አይደል፣ ጋሼ?»

ወንበሮቹን አየን።

ስመለስ በትንሹ በር በኩል ዞርኩ። ከበሩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ እስከዚያች የተሰነጠቀች ደረጃ ድረስ፣ በእርምጃ ለካሁ። ወደ ውስጥ አርባ አንድ። ሰባት ወር ሙሉ ሳልለካ አውቀው ነበር። ሁለት ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ድንች ይበላሉ። «ምን ጠፋብህ፣ አባት?» አለችኝ አንደኛዋ። እዚህ አትቀመጡ አልኳቸው። «ለምን?» አለች። «ለምን» የሚለውን ሰሌዳው አያውቀውም፤ ትናንት 511 ይል ነበር። አምባረቅሁባቸውና ተነስተው ሄዱ። እንደ እብድ ነው ያዩኝ።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሩን ሳልቀይር አለፍኩ። ማንም አላስተዋለም።

ሐሙስ ምን እንደምናገር አትጠይቂኝ። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ አይተሽዋል፣ በተጻፈ እንጂ በቃል ደፋር አይደለሁም። ስለዚህ ሌላ ነገር አድርጌአለሁ። የዚያን ቀን ገጽ ከመዝገቡ ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ። ግልባጭ አይደለም፣ ዋናው ነው። ለኮሚቴው ብሰጠው አለቃው ውኃ ያገኝለታል። አንቺ ጋ ውኃ አይደርስበትም። ግልባጭ እያደረግሽ ለፈለግሽው ላኪው፤ ለኮሚቴው፣ ለከተማው ፖሊስ፣ ለጋዜጣ።

ግን ከመላክሽ በፊት አንቺ አንብቢው። እናትሽ አላየችውም፣ አንቺ ቅደሚ። ሁለተኛው መስመር ቦታውን ይላል፣ ውሸት ነው። ሦስተኛው መስመር ተጎጂዋ የለበሰችውን ይላል፤ ፉጨት በሬዲዮ እንደነገረኝ፣ ቃል በቃል። «አረንጓዴ ጃኬት፣ ኪሱ ላይ ቢጫ መጣፊያ።» ከእሱ በታች ሰዓቱና ፊርማዬ አለ። ስፈርም እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ታይዋለሽ።

በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ቀኝ እጅሽን ፈጣሪ ይመልስልሽ። ግራሽንም ያበርታልሽ፤ ፊደሉ እየተነበበ ነው። እንጀራሽን ያብዛልሽ፣ ደጅሽን ይጠብቅልሽ። ከክፉ ሰው ይሰውርሽ ብዬ ልጽፍ ስል እስክሪብቶው ቆመ፤ እናትሽ ትበልሽ።

ፊርማዬ ገጹ ላይ ስላለ እዚህ አልደግመውም።

አባትሽ