ሦስተኛ ፎቅ ስለ ወጣው የአረጋውያን ሚዛን ልምምድ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ካሉበት ከፍ ያለ ቦታ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ የረገጡትም ሁሉ እንዳያዳልጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ጤና ጣቢያዎ እየመጣሁ፣ በአንድ እግር ስቆም ሽመላ መስዬ ነርሶቹን የማስቅ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ አዛውንት ነኝ።

እኛ ሽማግሌዎች እንዳንወድቅ የሚሰጠንን የሚዛን ልምምድ ከመግቢያው አጠገብ ከነበረችው ክፍል አንስተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሳንሰሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ቆይቷል፤ ወረቀቱም እንደኛው ገርጥቶ ጥግ ጥጉ ተጨማዷል። እንግዲህ ደረጃውን ወጥቶ የደረሰ ሰው ልምምዱ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ አይደርስም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር፤ የእኛን ቅጠል ግን ሦስተኛ ፎቅ ሰቅለውብናል። ይህን የመሰለ ብልሃት ለማሰብ ስንት ስብሰባ እንደፈጀ እግዜር ይወቀው።

ቅሬታ እንዳይሉብኝ እንጂ፣ ጥቂት ነጥቦች አሉኝ።

አንደኛ፦ የቀድሞዋ ክፍላችን የስብሰባ ክፍል ሆና፣ ጎማ ያላቸው ተሽከርካሪ ወንበሮች ገብተውባታል። ከመካከላችን ጡረተኛው ሹፌር ደረጃውን ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ልረፍ ብሎ አንዱ ላይ ቢቀመጥ፣ ወንበሩ ይዞት ሄደ። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ ኖሮ ዛሬ ተራው ደርሶ ተነዳ ብለን ስቀናል። ግድግዳው ባይኖር ኖሮ የት እንደምናገኘው አላውቅም።

ሁለተኛ፦ የደረጃው መደገፊያ ብረት ቀለም ሊቀባ ተነቅሎ እንደ ወጣ ቀርቷል። የጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ በተሰጣቸው ትእዛዝ መሠረት፣ ልክ እኛ በምንመጣበት ሰዓት ደረጃውን በሳሙና ያጥቡታል። ንጽሕናው ፊት ያሳያል። እኔም የራሴን ፊት አይቼበታለሁ፤ ፈርቶ ነበር።

ሦስተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴን እዚያው ደረጃ ላይ አዳለጣት። አልወደቀችም፤ ሹፌሩ ከኋላ ሹራቧን ጨምድዶ አስቀራት። አጥንቷ ደህና ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ነይ እንሂድ ስላት፣ «አንተ ሂድ፤ ስትሰበር የሚያስታምምህ አንድ ደህና ሰው ቤት ይቅር» ትለኛለች። ቤት ውስጥም ማብሪያ ማጥፊያው እንደ ጠፋበት ሰው ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘን ልምምዱን ልናደርግ እንሞክራለን፤ እሷ ግን ጠረጴዛውን አትለቅም። በቀድሞዋ ክፍላችን ከባልንጀሮቿ ጋር እየተሳሳቀች የያዘችውን ትለቅ ነበር።

አሠልጣኛችን አስጠንቅቃን ነበር፦ የፈራ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ እግሩ ይዝላል፣ እግሩ የዛለ ይወድቃል። እኔ ይህንን በየቀኑ በዓይኔ እያየሁት ነው። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ስትገባ፣ ጋዜጣ የማነብ መስዬ በሩ ሥር እቆማለሁ። ውሃው ቆሞ ድምጿ ሲጠፋብኝ፣ «ሰጠምሽ ወይስ እየተኳኳልሽ ነው?» ብዬ እጣራለሁ። «አለሁ፤ ሌላ ለማጨት አትቸኩል» ትላለች። መልሷ እስኪመጣ ያለችውን ያቺን አፍታ፣ ክቡርነትዎ፣ ለጠላቴም አልመኛትም። አንድ ቀን ተጣርቼ ዝም እንዳትለኝ እፈራለሁ። ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ግን የምቀልደው መልስ ለመስማት ሆኗል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ክፍላችንን ይመልሱልን። ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ ቢወጣ ተሰብሳቢዎቹ እግራቸው ይፍታታል፤ ምናልባትም ስብሰባው ያጥራል።

ከፍታዎን በሚመጥን አክብሮት ሽቅብ አንጋጥጬ ልሰናበትዎ ነበር፤ ነገር ግን አሠልጣኛችን ማንጋጠጥ ያዞራል ብላ ከልክላናለች። እንግዲህ ወደ ፊቴ እያየሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
እስከ ዛሬ ያልወደቀ አንድ የሰፈሩ አዛውንት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ከመኪናዎ ሲወርዱ አይቼዎታለሁ። አንድ እግርዎን መሬት ካስነኩ በኋላ፣ በሩን ጨብጠው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያም ያየዎት ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ ቃኙ። እኔ በአክብሮት ፊቴን አዞርኩ። ሁላችንንም የጀመረን እንደዚያው ነው። ክፍሏ ስትመለስ፣ ከባለቤቴ ጎን ቦታ እንይዝልዎታለን።