ወርቄ የሠራችው እንስራ

ይድረስ ለጓደኛዬ ለእንድርያስ፦

የምጽፍልህ ከእንጦጦ ሥር፣ የካ፣ ከልጄ ከሰላማዊት ቤት ነው። ሳሎኗን በድሮ ሸክላና በጥንት ሲኒ አስጊጣዋለች። ከሁሉም በላይ የእናቷን፣ ነፍሷን ይማርና የወርቄን እንስራ አስቀምጣለች። ትናንት እንግዶች ከበው ሲያዩት አንዷ፣ «አባባ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አለችኝ። እኛ አገር የሸክላ ሠሪ ባል ሲሉኝ ዝም እል ነበር። እዚህ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ፣ «ሚስቴ ናት» አልኩ፤ ያልሰማ እንዳይኖር ደገምኩላቸው። «እንዴት ያለ እጅ ነው» እያሉ በየተራ ዳሰሱት።

አንተ በሠርጋችን ቀን የሸክላ ሠሪ ድግስ አልቀምስም ብለህ መሄድህን አልረሳሁም። እንደ ወንድሜ ስለሆንክ ግን ለፋሲካ ስመጣ በወርቄ ወጭት ዶሮ ወጥ አቀርብልሃለሁ፤ እምቢ ብትል አልሰማህም።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን የማርያምወርቅንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ዓምደ ሚካኤል