ከጀልባ ሸራ የተሰፋው ማሊያ

ልጄ ኮቢና፣

ሞገድን የሚገሥጽ አምላክ በሄድክበት ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ዓሣውም ዘንድሮ አልከፋም። ብርዱስ? ካፖርትህን እንዳትተው።

በባሕራችን ልማድ ዓሣ ማጥመድ ነውር በሆነበት በማክሰኞ ቀን አጥማጆቻችን ኳስ ሲያንከባልሉ የተወለደው ክለባችን ኃምሳ ዓመቱን ደፈነ። በበዓሉ ላይ ሊቀመንበሩ «መሥራች አባቶቻችን...» ብሎ ንግግሩን ሲጀምር አክስትህ ኤፉዋ ብድግ አለች።

«አባቶችማ መረብ ይጠግኑ ነበር! ማሊያውን ከጀልባ ሸራ የሰፋችው እናቴ አይደለችም እንዴ?»

ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። ከዚያ የአያትህን ስም ጠርተው፣ ከሣጥኔ ያወጣሁትን ማሊያ ክለቡ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንዴት እንደኮራሁ!

አጠገቡ ላንተ ቦታ ትተዋል። እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ እዚያ የምትጫወትበትን ማሊያ ላክልኝ፣ ግን እንዳታጥበው። የአያትህ እስከ ዛሬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ያንተም አንተን አንተን ይሽተተኝ።

እናትህ አራባ