«ሰፊ» ሲላላና ሲጠብቅ

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለታደሰ፣

ሌላ ልብስ ሰፊ ወደ ቤትህ አላስገባሁም። ከሰላምታ በፊት ይህን የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ የተወራው እዚያም ደርሶ እንደሆነ ሳይውል ሳያድር ላርመው ብዬ ነው። የባሏ አፈር ሳይደርቅ ሰፊ አስገባች፣ ከስፌት መኪናው አጠገብም አስቀመጠችው፣ የልጅ ልጇ ራሷ መስክራለች ተብሏል። ሐሰት ነው። በወንበርህ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

እንደምን ሰነበትክ? ከተለያየን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ካዛንቺስ ግን አንተ የምታውቀው አይደለም። ከእኛ በላይ የነበረው ሰፈር ፈርሶ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ዕድራችን አልፈረሰም፤ ነገር ግን ድሮ በአጥር ላይ አንገታችንን አስግገን የምንነጋገረውን ዛሬ በስልክ እንጻጻፋለን። ሰው ሲናገር የማይሳሳተውን ሲጽፍ ይሳሳታል። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት እርማት ስሠራ ስለኖርኩ ይህን እኔ አላጣሁትም። የአሁኑም ጣጣ የመጣው ከዚያው ነው።

ነገሩ የቃልኪዳን ነው። አንተ ካረፍክ በኋላ ልጃችን ሰላም ሥራዋን ትታ ከአዳማ መምጣት ስላልሆነላት፣ ብቻዬን እንዳልቀር ብላ ልጇን ቃልኪዳንን ሰደደችልኝ። ልጅቷ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ቀን ቢሮ ትውላለች፤ ከሥራ ስትመለስ ጌም ትጫወታለች። የሕፃን ጨዋታ እንዳይመስልህ። አምስት ሆነው በቡድን ከሌሎች አምስት ጋር የሚታኮሱበት ነው፤ ሁሉም በየቤታቸው ተቀምጠው በጆሮ ማዳመጫ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ «ይህ የጤና ነው?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ያሸነፈኝ ቀጠሮ አክባሪነታቸው ነው። ልምምድ አንድ ሰዓት ላይ ከተባለ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ያረፈደ ይቀጣል። ግራ ቀኙን እያየች «ከኋላችሁ! በደረጃው በኩል!» እያለች የምትመራቸው ቃልኪዳን ናት። አሁን ትልቅ ውድድር ቀርቦባቸዋል።

ይህን ሁሉ የምታደርገው አልጋዋ ጫፍ ላይ ጎብጣ፣ መጽሐፍ በምታህል ላፕቶፕ ነው። አንገቷን ስታሽ አይቼ ለሰላም ነገርኳት። ሰላምም የምርቃት ስጦታ ይሁናት ብላ ስክሪን ልትገዛላት ቃል ገባች። ምርጫው ይህ ነው፦ ወይ አንድ ሰፊ ስክሪን፣ ወይ ሁለት መደበኛ ስክሪኖች ጎን ለጎን። የትኛውም ቢሆን በቤታችን የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሥር ያለው የቅድ ጠረጴዛህ። እግርህን ካመመህ ወዲህ ፔዳሉን ትተህ በትንሽ ሞተር ያሠራኸው መኪናህ አሁንም እላዩ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ፤ ከቦታው ግን አነቃንቄው አላውቅም።

ሜትርህን አንገቴ ላይ አድርጌ ከቃልኪዳን ጋር ኦሎምፒያ ወዳለው የስክሪን ሱቅ ወረድን። ሻጩ «እማማ፣ ይሄኛው ሠላሳ አራት ኢንች ነው» አለኝ። ለካሁት፤ አይደለም። «ዋሽተኸኛል» ስለው ሳቀና የስክሪን ልክ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ነው የሚወሰደው አለኝ። ጨርቅ በሰያፍ ለክቶ ሊሸጥልህ የመጣ ነጋዴ ቢኖር መቀስህን እንደያዝክ እስከ በሩ ትሸኘው ነበር። እኔ አግድሙን በራሴ መንገድ ለካሁ። ሰፊ የሚለውን ስሙን ይዤ ብዙ ቦታ የሚወስደው እሱ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ከሰፊው በጣም ይበልጣሉ። ሰፊው መኪናህ ትንሽ ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ጠረጴዛው ላይ ይበቃዋል። ሁለቱ ግን መኪናው ካልተነሣ አይገቡም።

በዚህ ልቤ ረጋ። በሁለቱ መካከል የሚገጥመውን ጥቁር ጠርዝ እያሳየሁ «ደረት መሐል ላይ ስፌት የሚጥል ሰው አያትሽ አይወድም ነበር» አልኳት። እሷም ወዲያው «ልክ ነዎት እማማ፣ በቃ ሰፊው ይሁን» አለች። በሁሉ ነገር የምትከራከረኝ ልጅ እንዲያ ቶሎ መስማማቷ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። አላሳሰበኝም። ሰፊው እንዲቆይልን ነግረን ተመለስን።

ያን ዕለት ቃልኪዳን በዘመድ ሁሉ የስልክ ቡድን ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እማማ ሰፊ እንዲገባ ፈቅደዋል። ከአባባ መኪና አጠገብ ይቀመጣል።»

አየህ? ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ፊ» ጠብቃ ስትነበብ ጠባብ ያልሆነውን ነገር ታመለክታለች፤ ላልታ ስትነበብ አንተን ታመለክታለች። በአፏ ብትናገረው ማንም አይሳሳትም ነበር። እህትህ አስካለ ግን በዐይኗ አነበበችው፤ አላልታ አነበበችው። ከእሷ ወደ ዕድሩ ለመድረስ ደግሞ ብዙ አልፈጀበትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ በሬ ላይ ቆማለች። «ደግሞ ሰፊ!» አለችኝ፤ «ሌላ ሙያ ያለው ወንድ ጠፍቶ ነው?» የምትለው ስላልገባኝ «ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል» አልኳት። ገባችና የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ገለጠች። «የት ነው ያለው?» አለች። ስለ ስክሪኑ የሰማች መስሎኝ «እሱማ ገና ሱቅ ነው» አልኳት። «ሱቅም ከፍተሽለታል!» ብላ ደረቷን መታች። «ወንድሜ ዐይኑ እስኪፈስ በሠራበት መኪና ማን ሊጫወትበት ነው!»

ቃልኪዳን ከጓዳ ሮጣ ወጥታ «እማማ አስካለ፣ ሰፊ እኮ ስክሪን ነው!» ብላ በስልኳ ሥዕሉን አሳየቻት። ይሄኔ ነገሩ በሳቅ ያልቃል ብዬ ነበር። አላለቀም። አስካለን ታውቃታለህ፤ ከወጣችበት ዛፍ መውረድ አይሆንላትም። ሥዕሉን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ ከዚያ «ሰውም ይሁን ቴሌቪዥን፣ የወንድሜን መኪና ገፍቶ የሚቀመጥ ነገር አልወድም። ሐሙስ ሰው ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብላ እህል ሳትቀምስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም።

 ሰኞ ምሽት ቃልኪዳን ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁ ምን ያህል እንደሚጮኽ አያውቅም። «በቃ፣ ላንቻ ሜሮን ጋ እገባለሁ። ጠረጴዛም አላት፣ ሁለት ሞኒተርም አላት» አለች፤ ሜሮን ጓደኛዋ ናት። አንዱ የሆነ ነገር ጠየቃት መሰለኝ። «ኖ፣ ሁለት እንደሚሻል መች ጠፋኝ? በውድድሩ ላይ ጨዋታው በመደበኛ ስፋት ብቻ ስለሚፈቀድ ሰፊው ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ትርፉ አይሠራም። ማለቴ፣ ሰፊውን ያልኩት የአባባ መኪና እንዳይነሣ ነው እንጂ። እማማን አታውቋቸውም። ጠዋት ጠዋት ሲወለውሉት ብታዩ አንሱልኝ ትሏቸዋላችሁ? አሁን ደግሞ በእኔ ምክንያት ከዘመድ ተጣሉ። ልውጣላቸው።»



በማግስቱ የሰማሁትን ሳልነግራት በደንብ ጠየቅኋት። ሁለቱ ስክሪኖች ምን ያደርጉልሻል? መካከላቸው ያለው ጠርዝስ? አስረዳችኝ። ጌሙን በሁለቱ ላይ ዘርግቶ የሚጫወት የለም። አንዱ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ውጊያው ያለው እሱ ላይ ነው። ሁለተኛው በጎን ዘወር ብሎ ይቀመጣል፤ የቡድኑን መልእክትና ካርታውን እዚያ ላይ በዐይኗ ጠርዝ ታያለች። እንደ እሷ ለሚመራ ሰው ያ ግዴታ ነው። ስለዚህ ስፌቱ ደረት ላይ ሳይሆን ጎን ላይ ነው የሚወድቀው፤ ስፌት ደግሞ መውደቅ ያለበት እዚያ ነው። አንተም መርፌው ፊት ለፊትህ፣ የደንበኛው ልክ የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ በግራህ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር የምትሠራው። «ታዲያ ሰፊውን ለምን መረጥሽ?» ስላት «ያምራል እኮ» አለችኝ። ስትዋሽ እንዳንተ ወደ ጣሪያ ነው የምታየው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ሻንጣዋ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ነገ ከሥራ በፊት ላንቻ አድርሳው ወደ ቢሮዋ ልትሄድ ነው። ነገ ሐሙስም ስለሆነ አስካለ ሰው ይዛ ትመጣለች። ልጅቷም መኪናውም ከወጡ ባዶ ጠረጴዛና እኔ እንቀራለን።

ከሰዓት በኋላ ከጠረጴዛህ ፊት ተቀምጬ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰላም ጡት ትጠባ በነበረበት ዓመት ማተሚያ ቤት መዋል አቅቶኝ የእርማት ወረቀቶቹን እቤት ማምጣት ጀመርኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ሳርም አየኸኝ።  የምትቀደውን የደንበኛ ሱፍ ሰብስበህ መሬት አነጠፍክና በጉልበትህ ተንበርክከህ መቅደድህን ቀጠልክ፤ ጠረጴዛው ግማሹ የእኔ ሆነ። ደንበኞችህ ሲስቁብህ «የፊደል ስህተት ከጨርቅ ስህተት ይብሳል፤ ጨርቅ ይተረተራል» ትላቸው ነበር። ጨርቄን አንሥቼ ቦታ ሰጠሁሽ ብለህ አንድ ቀን እንኳ አላስታወስከኝም።

እኔ ግን ልጅቷ አንገቷን እያሸች አጠገቤ ስትኖር ብረት ስወለውል ከረምኩ። እሷም እኔ እንዳላዝን ብላ የማይበጃትን መረጠች። ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ ሁለቱ ይገዛሉ፣ መኪናው ይነሣል። የሚሄደውም ወደ አስካለ ነው፤ ተነጥቄ ሳይሆን ሰጥቼ። ወጣት ሳላችሁ የቁልፍ ቀዳዳውን ሁሉ የምትሠራልህ እሷ ነበረች፤ ዛሬም እጇ አልሞተም። መኪና ሰው ካልሠራበት ይዝጋል። እምቢ ብላ ብትቆጣም ትቆጣ፤ ቁጣዋን ለምጄዋለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። ለቃልኪዳን እስካሁን አልነገርኳትም። በቃል ብቻ ብነግራት «አይ እማማ፣ ለእኔ ብለው ነው» ብላ ትሄዳለች፤ ከእኔ የተማረችው ግትርነት ነው። ባዶውን ጠረጴዛ በዐይኗ ማየት አለባት። ያም ሆኖ ትሄድ እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ሰላም ለዘመድ ሁሉ ታስተላልፈዋለች። ወሬው በሄደበት መንገድ እርማቱም ይሂድ።

አንተን እንዳልረሳህ ግን አትስጋ። የግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን እናቴ እንኳን አላወቀችም፤ አንተ መጀመሪያ ልኬን ስትወስድ አወቅከው፤ ለማንም ሳትናገር በኮቴ ውስጥ ትንሽ ስስ ጥጥ አኖርክልኝ። እስከ ዛሬ ኮቱን በለበስኩ ቁጥር ቀጥ ብዬ የምሄደው በአንተ ነው። እስከ መጨረሻው እለብሰዋለሁ።

ነገ ልጅቷ ሳትነሣ የማደርገው ይህ ነው። በመጀመሪያ መርፌው ውስጥ የተውከውን ግራጫ ክር ቆርጬ አወጣለሁ። መኪናውን ዘይት አጠጥቼ በነጭ ጨርቅ እሸፍነውና እየገፋሁ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አደርሰዋለሁ። ለአስካለ እደውላለሁ፤ ካላነሣች መልእክት አልጽፍም፣ እስክታነሣ እደውላለሁ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር እጠርጋለሁ። ቁርስ አቀርባለሁ። ከዚያ የቃልኪዳንን በር አንኳኩቼ «ተነሺ፣ ኦሎምፒያ ሱቁ እንደተከፈተ እንድረስ፤ ሰፊውን ትተን ሁለቱን እንውሰድ» እላታለሁ።

ባለቤትህ፣
አፀደ