የብረት ጎተራዬና የጋሽ ደበላ ትከሻ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሠራ! ሁለት ኩንታል በቆሎ ከመኪናው ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ በሚሽከረከረው ብረት ሽቅብ፣ ከዚያ ወደ ብረት ጎተራው። ሰባት ደቂቃ። የሰው ትከሻ አልነካውም። ከአዳማ ያመጣሁት በያጅ አጨበጨበ፤ እኔም ራሴን በትሕትና አመሰገንኩ። አባዬ ብቻ ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ፣ «ይሄ ሁሉ ላሜራ ለቤቴ ጣሪያ ይበቃ ነበር» አለ። ታላላቅ ሰዎች በዘመናቸው አይታወቁም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ለታሪክ እንዲቀር ደበላን በስልኬ ሰዓት ያዝኩበት። ከልጅነቴ ጀምሮ የእኛን እህል ሲያወርድ የኖረ ወዛደር ነው። አንድ ኩንታል ከመኪና እስከ መጋዘን፦ ሁለት ደቂቃ ተኩል። መሃል ላይ ቆሞ ወገቡን ያዘ፤ እሱንም ቆጠርኩበት። «ያረጀ መሣሪያ፣ መለዋወጫ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሯ ስላማረችኝ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ እሱንና አራት ጓደኞቹን አሰናበትኩ።

አልተቆጣም። ትከሻው ላይ የሚያነጥፈውን ጆንያ አጥፎ፣ «በቆሎ እህል ነው፣ ኢንጂነር። ጤፍ ግን ውሃ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ሰው ከሥራ ሲባረር ፈላስፋ ይሆናል።

ረቡዕ

የዓመቱ ነጭ ጤፍ በሙሉ ገባ። የቤታችን ቀለብ፣ የከርሞ ዘር፣ የእህቴ የሰናይት ሰርግ እንጀራ፣ ሁሉም በእኔ ጎተራ ውስጥ። እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ዶሮዎቹ ቢጠሩ አልመጡም። ጎተራው ሥር ናቸው። የጎረቤት ዶሮዎችም፣ የከተማችን የመልካሳ እርግብ በሙሉም።

ጤፍ የሚወጣባቸው ቦታዎች፦ የብሎን ቀዳዳ ሁሉ። የታችኛው በር ዙሪያ። በያጁ «ፀጉር አያሳልፍም» ያለው ብየዳ። ስሜን ያስጻፍኩበት ሰሌዳ ሥር።

የደፈንኩበት፦ ሳሙና፣ ማስቲካ፣ ሊጥ። ሊጡን ዶሮ በላው።

በበቆሎ ብቻ ነው የሞከርኩት። የጤፍ አገር ሰው ሆኜ!

አባዬ ወንበር አስወጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። በመንገድ ለሚያልፈው ሁሉ፣ «ግቡ፣ ግቡ፤ ልጄ ፏፏቴ ሠርቷል» ይላል። ሰናይት አላናገረችኝም።

ዓርብ

ሰማዩ በአቦምሳ በኩል ጠቁሯል። ያለወቅቱ! ጤፍ የሚያፈስ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል፤ የረጠበ ጤፍ ደግሞ ይበቅላል። ወደ ሌላ ቦታ የሚያዛውር ትከሻ የለኝም። አሰናብቼዋለሁ።

ጋሽ ደበላ ቤት ሄድኩ። (ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ናቸው።) ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠርጋሉ። «አካም ጅርቱ?» ብዬ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠይቄ አጎነበስኩ። ቀና ሳይሉ፣ «መለዋወጫ ልትገዛ ነው?» አሉኝ።

ለመንኩ። «አንደኛ፣ አምስታችንም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ሁለተኛውን ነገ እነግርሃለሁ» አሉ። እንቅልፍ የሚነሳው ሁለተኛው ነው።

ቅዳሜ

ሁለተኛው፦ እኔም እሸከማለሁ። ስልኬም እሳቸው እጅ ይሆናል።

የታችኛውን በር ከፍተን ጤፉን በጣሳ እየቀዳን ጆንያ ሞላን። አዎ፣ እንደ ውሃ። ለእኔ ግማሽ ኩንታል መዘኑልኝ፣ «ለሕፃን» ብለው። መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ወገቤን ያዝኩ።

ጋሽ ደበላ «ይቆጠራል!» ሲሉ፣ ወዛደሮቹ ጆንያቸውን ጥለው ሳቁ። እማዬ ሳቀች። ሰናይት እንኳ ሳቀች፤ እንደ እርቅ ወሰድኩት።

የመጨረሻው ጆንያ ቤት ሲገባ ዝናቡ ወረደ። ዶሮ ከበላው በቀር ጤፉ ተርፏል። በረንዳው ላይ ተጠጋግተን፣ ውሃ በብየዳው መስመር ወደ ባዶው ጎተራዬ ሲገባ አየን።

ጋሽ ደበላ ስልኬን እያዩ፣ «ግማሽ ኩንታል፣ ስድስት ደቂቃ» አሉ።

አባዬ በሙሉ ቁም ነገር፣ «ታዲያ እናሰናብተው?» አላቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ትከሻዬን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ጮህኩ።

«ይቆይ ጋሼ። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ያፈሳል።»