የጄሶው ግብር አዳራሽ

ኦስሎ፣ ማርች 2016

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔም እማዬም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ከሞርተንሩድ እዚሁ ኦስሎ ሮመን ድረስ ደብዳቤ መላኬ ያስቅህ ይሆናል፤ በባቡር መምጣት እችል ነበር። ግን ፊት ለፊት ስሆን አፌ እንደሚያያዝ ታውቃለህ። አንተም ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ አልደወልክልኝም።

አባዬ፣ ስለ ጄሶው ቤት ነው።

ትምህርት ቤት ከጥንት የሮማ ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል ሥሩ ሲሉን፣ ስምንት ማዕዘን ያለውን፣ ጣሪያው ክብ ሆኖ አናቱ ላይ ብርሃን የሚገባበትን አዳራሽ የመረጥኩት ሥዕሉ ስላማረኝ ብቻ ነበር። አንተ አይተህ «ይሄማ ግብር አዳራሽ ነው» አልክ። ተጋድመው ይበሉ እንደነበር ስነግርህ «ታዲያ ምግቡ በየት በኩል ይወርድላቸዋል?» ብለህ አሳቅኸኝ። ሦስት ቅዳሜ ወለል ላይ ተንበርክከን ሠራን። ለጣሪያው በግድግዳዎቹ መሀል እርጥብ አሸዋ ቆልለህ በላዩ ጄሶ ለሰንክ፤ ሲደርቅ አሸዋውን በበሮቹ በኩል በማንኪያ አወጣን። ስምንቱ ማዕዘን ወደ ላይ ሲወጣ ክብ የሚሆንበትን ቦታ በአውራ ጣትህ ደጋግመህ አሸኸው። ማዕዘኑ የት እንደጠፋ እያየሁም አላወቅኩም። ሐዋሳ ልስን ትሠራ እንደነበር ያን ቀን ነው የነገርከኝ። እኔ የማውቅህ የጽዳት ሥራ ስትሠራ ብቻ ነው። በተረፈው ጄሶ ተጋድመው የሚበሉትን ሰዎች ሠራህ።

ማክሰኞ ቤቱ ስለሚከብደኝ አንተ ተሸክመህልኝ ክፍላችን ድረስ መጣህ። የሠርግ ኮትህን ለብሰህ ነበር። ጄሶ ለመሸከም ኮት ለምን ይለበሳል ብዬ በውስጤ ተናደድኩ።

መምህሬ ጣሪያውን አደነቀች። ከዚያ በበሩ አጮልቃ፣ ጎኑ ያለውን የሚያጎርሰውን ሰውዬ አየችና «ይሄኛው ምን እያደረገ ነው?» አለች። አንድ ልጅ «እያነቀው ነው» ሲል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ጉርሻ ነው ማለት ነበረብኝ። «እሱን የጨመረው ያ ሰውዬ ነው» አልኩ። አባትሽ ነው ወይ ስትለኝ «ኔይ፣ አይደለም፣ ዕቃ የተሸከመልኝ ሰው ነው» አልኳት። በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ቶሎ ቶሎ ነበር ያወራሁት። አንተ የምትሰማ አልመሰለኝም።

አንተ ግን እጅ ነሣሃትና በኖርስክ፣ ቀስ ብለህ፣ «አዎ፣ እኔ ተሸከምኩላት እንጂ ሌላ የለም» አልካት። ከዚያ ወጣህ።

ሩቂያ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ «ግንባራችሁ አንድ ነው እኮ» አለችኝ።

አሁን ቤቱ ኮሪደሩ ላይ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፣ የእኔ ስም ብቻ ተጽፎበት። በዚያ ላለማለፍ በኋላ በር ነው የምገባው። ዛሬ ጠዋት ግን በፊት ለፊት ገብቼ ለመምህሬ ነገርኳት። «አባቴ ነው። የሠራውም እሱ ነው» አልኳት። ውጤቴን ትቀንሰው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷ ማዕዘኑ እንዴት እንደጠፋ ካንተ መስማት እንደምትፈልግ ብቻ ነገረችኝ።

አንድ ሌላም አለ። በመኸር «የወላጆች ስብሰባ የላችሁም?» ብለህ ስትጠይቀኝ የለም ብዬህ ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ትናንት እማዬ ያ ወረቀት ሁልጊዜ ለሁለታችሁም በፖስታ እንደሚላክ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እራት አልበላሁም።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ ስብሰባ እንዳለ ታውቃለህ። ቢሆንም እኔ ልንገርህ፤ ሐሙስ ስብሰባ አለ፣ አባዬ። ና። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ፤ እጆችህን ይባርክልኝ።

ልጅህ