የዘንገና ቁልቁለት

እንጅባራ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣ ጅማ

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? እዚህ ውርጩ በርትቷል፤ ጠዋት ስወጣ ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የማገኘው። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ትናንት ጀምሬው ዛሬ መጨረሴ ነው። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ አቃተኝ።

ወንድምሽ ምንይችል ካረፈ ወዲህ ዘንገና ሐይቅ ሄጄ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ለስኳርሽ ተራመጂ ካለኝ ጀምሮ፣ በጋ በገባ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ወስዶ ሐይቁን ሲያዞረኝ ታስታውሻለሽ። የሚያንሸራትተው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ይቀድመኝና «እማ፣ እግሬን እያየሽ ርገጪ» ይለኛል። ታች ወርደን ስንቀመጥ ብርቱካን ይልጥልኛል። ያ መንገድ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። አፋፉ ላይ፣ እኛ የምናርፍበት ዛፍ ሥር፣ አንዲት ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ቀና ስትል ከወንድምሽ ጋር ታስተምር የነበረችው የዳንግላዋ ዮርዳኖስ ናት። ለቅሶው ላይ ከአስተማሪዎቹ ጋር መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? የሥራ ባልደረባ እስካሁን ያዘቀዝቃል?

«ለማን ነው ያዘቀዘቅሽው?» አልኳት።

እሑድ እሑድ ከእሷ ጋር እዚሁ ይመጣ እንደነበር፣ ሽማግሌ ሊልክም አስቦ እንደነበር ነገረችኝ። ፀደይ ታውቃለች አለች። አንቺም ደበቅሽኝ።

አልዋሽሽም፣ ቀናሁ። እኔን ዘመድ ከቦ ሲያጽናናኝ እሷን እግዜር ያጽናሽ ያላት ሰው እንደሌለ እያወቅሁ ቀናሁ። ብርቱካን ይልጥልሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለእርስዎ ይልጥ ነበር?» አለች። «ለእኔ እኮ ሰነፍ ነው፤ የምልጥለት እኔ ነበርኩ።»

ይህ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ብቻዬን ልወርድ ተነሣሁ። እሷ ቀደመችኝና ሳትዞር «እማማ፣ እግሬን እያዩ ይርገጡ» አለችኝ። ባለሁበት ቀረሁ። ማን አስተማረሽ ስላት፣ እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኝ ነበር አለች።

ፀደይ፣ ቃሉ የማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ልጆች ሳላችሁ፣ ክረምት ላይ ወንዝ ሳሻግራችሁ፣ በድንጋዮቹ ላይ እየቀደምኩ የምላችሁ እኔ ነበርኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። እግሯን እያየሁ ወረድኩ።

ሙት ዓመቱ ለየካቲት 16፣ ጾሙ ሳይገባ ነው። ያን ቀን ጥቁሬን አወልቃለሁ። ዮርዳኖስ ከጎኔ እንድትቀመጥ ነግሬያታለሁ፤ የእሷንም ነጠላ እዚያው አቃናላታለሁ። አክስትሽ ሙሉነሽ ይቺ ደግሞ ማን ናት ማለቷ አይቀርም። መልሱን አንቺ መጥተሽ ስጪልኝ።

ኪዳነ ምሕረት በሰላም ታምጣልኝ። ጋቢሽን አትርሺ፣ ብርዱ የጅማ አይደለም።

እናትሽ ውባለም

ዮርዳኖስ በየሳምንቱ አብረን እንሂድ ብላኛለች። እሑድ ይሁን አልኳት። ቅዳሜ ሰው አለኝ።